ከመርዶው በፊት የነበረው ቅዳሜ

የመጨረሻዋ ልጄ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካልሲዋ ላይ ደረቅ ሣር ተሰክቶ፣ ጃኬቷ ጭስ ጭስ እየሸተተ ገባች። ጫማሽን በር ላይ አውልቂ ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ማሚ፣ ፊልድ ትሪፕ ሄደን ነበር! ከአፈር የተሠራ ቤት አለ፣ ሪል አፈር! ሰዎቹ ደግሞ የድሮ ልብስ ለብሰው ቅቤ ይንጣሉ። አንቺ ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

"አንድ ጊዜ" አልኳት።

"ፈን ነበር?"

አሁን ይህችን ልጅ ምን ይሏታል? "ነፋስ ነበር" አልኳትና ካልሲዋን አስወልቄ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄድኩ። እሷ እንደሆነች መልሴንም አልጠበቀች፣ ፍሪጁን ከፍታ ጭንቅላቷን ከትታለች። እኔ ግን ካልሲውን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቦታው ከቤቴ በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድም ቀን አልረገጥኩትም።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። አሜሪካ ከገባሁ ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነኝ ነው። የምኖረው ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ፣ ኢስት ኮልፋክስ ከሚባለው ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት፣ ከእናቴ ወንድም ከጋሼ ታደሰና ከባለቤታቸው ከእትዬ አበባ ጋር ነበር። ጋሼ ታደሰ ዝምተኛ ናቸው። የቤቱን ወሬ ጠቅልለው የያዙት እትዬ አበባ ናቸው። ዴንቨር መሐል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ፣ በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ሄደው በአሥራ አምስት ቁጥር ይመለሳሉ፣ አውቶቡሱ ላይ ያዩትን ሁሉ ደግሞ እራት እስክንበላ ይተርኩልናል። ምላሳቸው ስለት ነው። መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ ሰሞን ከጎኔ ተቀምጠው "አንቺ ልጅ፣ መኪናው እኮ ፍሬን አለው፣ እንዳይከፋው አንዳንዴ ርገጪው" ይሉኝ ነበር።

ከአሥር ወሬያቸው ዘጠኙ የሚጀምረው ግን "እታለም እንደምትለው" በሚል ነው። እታለም ደሴ ያሉ ታላቅ እህታቸው ናቸው። እናታቸው እትዬ አበባን ጡት ሳያስጥሉ ስለሞቱ፣ አዝለውም አጉርሰውም ያሳደጓቸው እታለም ናቸው። ሽሮው ቢቀጥን እታለም ትዝ ይሏቸዋል፣ በረዶ ቢጥል እታለም ትዝ ይሏቸዋል። እኔ እታለምን በዓይኔ አይቻቸው ባላውቅም፣ መንገድ ላይ ባገኛቸው በድምፃቸው የምለያቸው ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ አንድ ጥቅምት ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ እታለም ማረፋቸው ተሰማ። ስልኩን ያነሡት ጋሼ ታደሰ ነበሩ፣ ለእኔም ያኔውኑ ነገሩኝ። እትዬ አበባ ሥራ ላይ ናቸው።

እንግዲህ ወጉን ታውቁታላችሁ። መርዶ እንዲሁ በስልክ ዱብ አይደረግም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ፣ የሚደግፍ ከጎን ሆኖ፣ ውሃ የሚያቀርብ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ ነው ነገሩ። አሜሪካ ውስጥ ግን ሞትም ኦፍ፣ የዕረፍት ቀን፣ ይጠብቃል። አንዱ ታክሲ ላይ ነው፣ አንዷ ሆስፒታል ሁለት ፈረቃ ደርባ ሥራ ገብታለች፣ ሲያትል ያለው የእትዬ አበባ ወንድም አውሮፕላን ያገኘው ለቅዳሜ ማታ ነው። በዚያ ላይ እትዬ አበባ ደም ግፊት አለባቸው። ስለዚህ እሑድ ጎህ ሲቀድ ይነገራቸው ተባለ። ጋሼ ታደሰ የስልኩን ገመድ ነቅለው "መስመሩ ተበላሽቷል" አሉ፣ ዓርብም በዚሁ አለፈ።

ክፉው ቀን ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ እትዬ አበባ ቤት ይውላሉ፣ ቤት ከዋሉ ደግሞ ሰው ይመጣል። አንዷ ያልሰማች ወይም ያልተነገራት ብቅ ብላ "እግዜር ያጽናዎ" ካለች አበቃ። ጋሼ ታደሰ በጠዋት ኩሽና ውስጥ ያዙኝ።

"ሂሩት፣ ይዘሻት ውጪ። እስኪመሽ እንዳትመለሱ" አሉኝ በሹክሹክታ። "አደራ፣ አበሻ ያለበት እንዳትወስጃት። አንቺም ፊቷ ላይ እንዳታለቅሺ። ብቻዋን ከሰማች አለቀልን።"

እስቲ አሁን ኦሮራ ውስጥ አበሻ የሌለበት ቦታ የት ይገኛል? ኮልፋክስ ላይ አበሻ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ አበሻ፣ ሞሉ ውስጥ አበሻ፣ ዳክዬ ልታበሉ ሐይቁ ዳር ብትሄዱ እንኳ ነጠላ የለበሱ ሰርገኞች ፎቶ ሲነሡ ታገኛላችሁ። ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሜዳ ትዝ አለኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አንድ ጊዜ ስለሱ አውርታልን ነበር። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ሣሩና አውሬው እንደ ጥንቱ እንዲኖር የተከለለ ሰፊ ሜዳ ነው። መሐሉ ላይ የድሮ ገበሬዎች ቤት ተሠርቶ፣ በጎ ፈቃደኞች የዚያን ዘመን ልብስ ለብሰው ኑሯቸውን ለጎብኚ ያሳያሉ። አበሻ ደግሞ፣ ድሮስ ከአፈር ቤት ሸሽቶ መጥቶ የለ፣ ከፍሎ የአፈር ቤት ሊያይ አይሄድም።

"እትዬ፣ ዛሬ ላንሸራሽርዎት" አልኳቸው።

ሌላ ቀን ቢሆን "ቅዳሜ የልብስ ቀኔ መሆኑን አታውቂም?" ብለው ያባርሩኝ ነበር። ያን ቀን ግን ትንሽ አዩኝና "እሺ" አሉ። መኝታ ቤት ገብተው ቆየት ብለው ትልቁን ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። እኔ ሞኟ በብልጠቴ ተደነቅሁ።

መንገድ ላይ ዝም እንዳይባል ለፈለፍኩ። ስለ ክፍል ጓደኞቼ አወራሁ፣ ስለ ቤንዚን አወራሁ፣ አንድ ቀልድ ሁለቴ ተናገርኩ። እትዬ አበባ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ወደ ውጭ ያያሉ። በቀይ መብራት ልገባ ስል ለጥቂት ስድን እንኳ ስለ ፍሬን ምንም አላሉኝም። ቤቶቹ አለቁና ሜዳው ተከፈተ። ዛፍ የሚባል የለም፣ የጤፍ ገለባ የመሰለ ሣር ነፋስ እያስተኛ ያነሣዋል፣ ከኋላችን ተራሮቹ ጫፋቸው ላይ በረዶ ይዘዋል። ሰማዩ ደግሞ ይበዛል፣ እዚያ አካባቢ ሲበዛ ሰማይ ነው።

መኪናውን ፓርክ አድርጌ በእግር ጀመርን። ሚዳቋ የሚመስሉ አውሬዎች ራቅ ብለው ይግጣሉ። መንገዱ ዳር ደግሞ እዚህ ፕሬሪ ዶግ የሚሏቸው፣ ከአይጥ ተለቅ ያሉ ፍጥረቶች ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አንዷ ስታየን ጮኸች፣ ያ ሁሉ ባንዴ መሬት ውስጥ ገባ። እትዬ አበባ ቆመው አዩ።

"ክፉ ሲመጣ እሷ ናት የምትነግራቸው?"

"አዎ፣ ዘበኛ ናት።"

"የታደሉ። ሁሉም አንዴ ነው የሚሰሙት" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ስለ ሚዳቋዎቹ ማውራት ጀመርኩ።

ቤቶቹ ጋ ስንደርስ አንድ ሰውዬ ብረት ይቀጠቅጣል፣ አንዲት ልጅ ቆብ አድርጋ ዶሮ ታበላለች። ቤቱ መሬቱ ከነሣሩ እንደ ጡብ እየተቆረጠ ተደራርቦ የተሠራ ነው፣ ጣሪያው ላይ ሳይቀር ሣር በቅሏል። እፎይ፣ ጥሩ ቦታ አመጣሁ ብዬ ሳላበቃ ዓይኔ ትልቁ ቤት በር ላይ አረፈ። በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

ጠጋ ብዬ ማስታወቂያውን አነበብኩ። ያን ቀን የሚያሳዩት፣ በዚያ ዘመን ሰው ሲሞት እንዴት ይለቀስ እንደነበር ነው! ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ሲንጡ ከርመው፣ ዛሬ፣ በእኔ ቀን፣ ለቅሶ! ኧረ በማርያም! ኮልፋክስን ሸሽቼ ከድጡ ወደ ማጡ ገባሁ።

"እትዬ፣ ወደ ዶሮዎቹ እንሂድ፣ እዚህ ምንም የለም።"

"ለቅሶ ነው እንዴ?"

"ኧረ የለም! ጨዋታ ነው፣ የድሮ ነገር ነው የሚያሳዩት።"

"ቢሆንም የለቅሶ በር ደርሶ ማለፍ ነውር ነው" ብለው ገቡ። ምን ላድርግ፣ ተከተልኳቸው።

ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ፣ የአፈርና የእንጨት ጭስ ሽታ ያለው ነው። መስተዋቱ በጨርቅ ተሸፍኗል። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል። መሐል ላይ ሁለት ወንበር ላይ የተጋደመ የእንጨት ሣጥን አለ። አጠገቡ ሰባ ዓመት ያለፋት ነጭ ሴትዮ እስከ አንገቷ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ለጎብኚዎች ታስረዳለች፣ በዚያ ዘመን በዚህ ሜዳ ላይ ሰው ሲሞት ጎረቤት ከሩቅ በፈረስ ተጉዞ እንደሚመጣ፣ ሟች ባረፈበት ደቂቃ ሰዓቱ እንደሚቆም።

"ምን አለች?" አሉኝ እትዬ አበባ።

"ስለ ቤት ዕቃው ነው።"

"ሰዓቱን ምነው አቆሙት?"

"ባትሪው አልቆ ይሆናል።"

እትዬ አበባ ሰዓቱንም አዩት፣ እኔንም አዩኝ። በቁልፍ የሚሞላ፣ ከእኔና ከእሳቸው ዕድሜ ድምር በላይ የቆየ ሰዓት ነበር።

"ሟቹ ማን እንደሆነ ጠይቂያት" አሉ።

ጠየቅኋት። ሴትዮዋ እትዬ አበባ የደነገጡ መስሏት ፈገግ አለችና "አይጨነቁ በያቸው፣ ሣጥኑ ባዶ ነው፣ ማንም የለበትም" አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ተረጎምኩ።

"ባዶ ነው እትዬ። ማንም የለበትም።"

"እንግዲያው ቦታ አለ ማለት ነው" አሉ እትዬ አበባ።

ከሴትዮዋ ጎን ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ከፈቱና ነጠላቸውን አወጡ። ከዚያ ነጠላውን አዘቅዝቀው ለበሱት፣ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ልክ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ሣጥኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና በቀስታ፣ ለራሳቸው ያህል፣ ጀመሩ።

"ያሳደግሽኝ እህቴ፣ ያጎረስሽኝ እጅ፣
የቱ ሣጥን አለኝ፣ ባዶ ሣጥን እንጂ።"

ደጋገሙት። ድምፃቸው መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ እየቆየ ግን ወፍሮ ቤቱን ሞላው። እታለምን በስም ጠሯቸው። የደሴን ብርድ፣ አንዲት ጋቢ ለሁለት መልበሳቸውን፣ ለመጨረሻ ጊዜ አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ መሳሳማቸውን እያነሡ አለቀሱ። አንዱ ባለ ቆብ ሰውዬ ለሚስቱ "ይቺኛዋ ደግሞ እንዴት አድርጋ ነው የምትተውነው!" ሲል ሰማሁት። ያኔ እንግሊዝኛዬ ለስድብ አይበቃም ነበር፣ ዛሬ ቢሆን አሳየው ነበር።

ጥቁር የለበሰችው ሴትዮ ግን ገባት። ተነሥታ ጎብኚዎቹን "ይቅርታ፣ ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ለቤተ ዘመድ ብቻ ነው" አለቻቸው። አንድ በአንድ አስወጥታ በሩን ዘጋችና ተመልሳ የእትዬ አበባን እጅ ያዘች። ወደ እኔ ዞር ብላ "ምን ሆነው ነው?" አለችኝ።

"እህታቸው ሞተዋል" አልኳት። "ግን አልተነገራቸውም። የሚነገራቸው ነገ ጠዋት ነው። አያውቁም።"

ሴትዮዋ እትዬ አበባን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። "የኔ ልጅ" አለችኝ፣ "ያውቃሉ እኮ።"

ይኸኔ የጋሼ ታደሰ አደራ ከእጄ ወጣ። ሁለት ቀን ያፈንኩት ሁሉ ባንዴ ገነፈለና እትዬ አበባ ጉልበት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። "ነይ፣ ነይ የኔ ልጅ" እያሉ ፀጉሬን ዳበሱኝ። ሐዘንተኛዋ እሳቸው፣ የምባበለው እኔ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፣ ሰዓቱ እንደሆነ ቆሟል። በኋላ ዶሮ ስታበላ የነበረችው ልጅ በጓሮ በኩል ገብታ ከብረት ምድጃው ላይ የዱባ ሾርባና የበቆሎ ዳቦ አመጣችልን። እትዬ አበባ ሳህኑን ተቀብለው አዩት።

"እይ፣ እዝን አመጡልን" አሉኝ፣ ዓይናቸው እንደገና እንባ ሞልቶ። ለሐዘንተኛ ቤት ጎረቤት የሚያመጣው ምግብ ማለታቸው ነው። ከዓርብ ማታ ጀምሮ እህል ሲቀምሱ አላየኋቸውም ነበር። ዳቦውን ጨረሱ፣ ሾርባውንም ጨረሱ። እኔም ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠ ዱባ በልቼ አላውቅም።

ልንሄድ ስንል ሴትዮዋ እስከ መኪናው ሸኘችን። እትዬ አበባ ጉንጯን ሳሟት። እሷ አንዴ ተስማ ያበቃ መስሏት ዞር ስትል እትዬ አበባ ሳይለቋት ከግራ ቀኝ አገላብጠው ሳሟት። "ሐዘን አይግባባችሁ በያት" አሉኝ። እንደምንም ተረጎምኩት። ያቺ ሴትዮ ጥቁር ቀሚሷ በነፋስ እየተርገበገበ እስክንርቅ ድረስ ቆማ ነበር።

መኪና ውስጥ ነጠላቸውን አጥፈው ቦርሳ ውስጥ ከተው "ዓርብ ጠዋት" አሉኝ። "አውቶቡሱ ላይ አንዲት እኔ የማላውቃት የደሴ ሰፈሬ ልጅ እግዜር ያጽናዎ አለችኝ። ምን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፣ ፊቷ ነገረኝ። ማን እንደሞተ ብቻ ጠየቅኋት፣ እታለም መሆኗን ነገረችኝ። አሜን ብዬ ፌርማታዬ ላይ ወረድኩ፣ ሥራዬ ገባሁ።"

"እትዬ! እንዴት ቻሉት?"

"ምን ልሁን? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ታደሰን አየሁት፣ ገመድ ነቅሎ መስመር ተበላሸ ይለኛል፣ ውሸት እንኳ በቅጡ አይችልም የኔ ጌታ።" ትንሽ ሳቅ አሉ፣ ሳቃቸው መልሶ እንባ ሆነ። "ስሚ። አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም። ዓይኔ ምነው ቀላ ካሉሽ ነፋሱ ነው በይ።"

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጥቁር የለበሰው ሰው ሳሎኑን ሞላው፣ ወንድማቸው መጨረሻ ላይ ገባ። እትዬ አበባ ከመኝታ ቤት ወጥተው "ምነው? ምን ሆናችሁ? ማን ነው?" አሉ። አንድ ሽማግሌ ነገሯቸው። የጮኹት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አስመሰሉ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ወንድማቸው አንገት ላይ ተጠምጥመው ሲወድቁ ያ ሁሉ ክንድ ደገፋቸው። ያኛው ለቅሶ የብቻቸው ነበር፣ ይህኛው የሁሉም። ሰዉ እኔን "ጎበዝ፣ ቀኑን ሙሉ ሸሽጋ አዋለቻት" እያለ ሲያመሰግነኝ አንገቴን ደፍቼ ሻይ ቀዳሁ። ጋሼ ታደሰ ነፍሳቸውን ይማርና ሳያውቁ ነው ያረፉት።

ባለፈው እሑድ ታዲያ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ አበባ ጋ ጎራ አልኩ። ጉልበታቸው ደክሟል እንጂ ምላሳቸው እንዳለ ነው። ልጄ የት እንደሄደች ነገርኳቸው። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም ነበር። እኔም ያልጠየቅኋቸውን ጠየቅኋቸው።

"እትዬ፣ ካወቁ ለምን እሺ ብለው ተከተሉኝ? ቤትዎ ተኝተው፣ በርዎን ዘግተው ማልቀስ አይሻልዎትም ነበር?"

ገርሟቸው አዩኝ። እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል ወይ እንደማለት።

"ያን ጠዋት ከኩሽና ስትወጪ ፊትሽን አየሁት" አሉ። "ታደሰ ሞት አሸክሞሻል፣ ገና ልጅ ነሽ። ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን አይዝም ስንል አንቺስ ሰው አይደለሽም? እንዲያውም እስኪመሽ ብቻሽን ይዘሽው እንዳትውዪ ነው የመጣሁት።"

ያን ቅዳሜ እትዬ አበባን የጠበቅኋቸው እኔ ነበርኩ ብዬ ነው ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት። ያሳደጓቸው እህታቸው ሞተውባቸው፣ ገና ሳያለቅሱ፣ ለእኔ ብለው ነፋስ ላይ ውለው ኖሯል። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸውም "ተይ አንቺ፣ ጉልበቴን ታሳምሚኛለሽ" ብለው ቀና አደረጉኝ።